ግማሽ ወንበር የተሰጣቸው ዳኛ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ትምህርት ቤት እያላችሁ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስማቸውን ሰምታችሁ ከሆነ «ወዳጄ ልቤ» የሚለው መጽሐፋቸው ይሆናል። ደራሲ ናቸው፣ ከአማርኛ ልቦለድ ጀማሪዎች አንዱ። ትንሽ ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ ጣሊያን ሲወረን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደነበሩ ይነግራችኋል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ዳኛ እንደነበሩ የሚያነሳ ሰው ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዳኛው ኅሩይ ነው። የእሳቸውን ሕይወት ከዳኝነት ወንበራቸው ተነስታችሁ ካያችሁት ሌላ መልክ ይይዛል። መጽሐፉም፣ ዲፕሎማሲውም፣ ስደቱም አንድ ላይ ይገጥማል። እንደኔ እንደኔ ኅሩይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱት አንድ ጉዳይ ነው፤ በዚህች አገር ውስጥ ለተነሳ ክርክር ዳኛው ማን ነው?

ከመርሐ ቤቴ እስከ እንጦጦ

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ፣ መርሐ ቤቴ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ፣ ማለትም የተመረጠ፣ የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። የመሳፍንት ልጅ አይደሉም። በዚያ ዘመን ሰው ትልቅ ቦታ የሚደርሰው ወይ በዘር ወይ በጦር ሜዳ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ላይ የወጡት በብዕር ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፣ ግእዝ ጠነቀቁ፣ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ። ከዚያ ጸሐፊነቱ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰዳቸው።

የቤተ ክህነት ሰው መሆን ለዳኝነት ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ በጣም ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የተጻፈ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ በዐረብኛ የተዘጋጀ ሲሆን በኋላ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ግእዙን አንብቦ የሚተረጉም ሰው ባይኖር ሕጉም የለም ማለት ነው። ስለዚህ ነገሥታቱ ከባድ ጉዳይ ሲመጣባቸው ሊቃውንቱን አስጠርተው መጽሐፉን ያስነብቡ ነበር።

ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ሙግት ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው በላ ልበልሃ ይባባላሉ፣ ዋስ ይጠራሉ፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ። ዳኛው የመንገድ አላፊ ሳይቀር ሊሆን ይችላል። በሕግ አምላክ ከተባለ በትር ያነሳ እጅ ይቆማል። ተበዳሪና አበዳሪ ደግሞ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ይታሰራሉ። እኔ የምኖርበት ዘነበወርቅ ውስጥ እንኳ ሁለት ሰዎች ጎረቤት ፊት ሲጣሉ አንድ ሽማግሌ በሕግ አምላክ ካለ ነገሩ ሲበርድ አይቻለሁ። ቃሉ ከዘመኑ አልፎ እኛ ጋ ደርሷል።

እንግዲህ ይህ ሥርዓት ለአገሬው ሰው ይሠራ ነበር። ችግሩ የመጣው የውጭ አገር ነጋዴ ሲበዛ ነው።

ሁለት ዳኛ በአንድ ችሎት

ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ፈረንሳዩ ሱቅ ከፈተ። የባቡር ሐዲዱም ከጅቡቲ ወደ ውስጥ ይዘረጋ ነበር። ንግድ ባለበት ደግሞ ብድር አለ፣ ኪራይ አለ፣ የተበላሸ ዕቃ አለ፣ ክስ አለ። ታዲያ ፈረንጁ በፍትሐ ነገሥት ይዳኛል?

በጥር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር አንድ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ ይጠራል። አብዛኛው የወዳጅነትና የንግድ ጉዳይ ነው። ሰባተኛው አንቀጽ ግን የዳኝነት ነበር። የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ፈረንሳይና ፈረንሳይ ከተካሰሱ የሚዳኛቸው ቆንስላቸው ነው። ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ከተካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስላው አብረው ይቀመጣሉ። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይታያል። ሌሎቹ መንግሥታትም ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል ብለው በዚያው ገቡበት።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንድ የአራዳ ሰው ቤቱን ለውጭ አገር ነጋዴ አከራየ እንበል። ነጋዴው ኪራዩን ከለከለ። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ብሩ አዲስ አበባ ነው፣ ውሉ የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቱ ከስሶ ሲቀርብ ግን ጉዳዩ የሚታየው ማንበብ በማይችለው ቋንቋ በተጻፈ፣ ባሕር ማዶ በወጣ ሕግ ነው። ከዳኛው ጎን ደግሞ የነጋዴው አገር ቆንስላ ተቀምጧል።

ይሄ የድሮ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ስልካችሁ ላይ አፕ ስታወርዱ ሳታነቡ እስማማለሁ የምትሉት ረጅም ጽሑፍ አለ አይደል? ብዙዎቹ ውስጥ ክርክር ቢነሳ በየትኛው አገር ሕግ፣ በየትኛው ከተማ ፍርድ ቤት እንደሚታይ የሚናገር አንቀጽ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የእናንተ ከተማ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጭምር ሆነው የፌስቡክን ባለቤት ድርጅት በጥላቻ ንግግር ጉዳይ ናይሮቢ ላይ ሲከስሱ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ መመለስ ካለበት ጥያቄ አንዱ ይኸው ነበር፤ ድርጅቱ እዚህ መከሰስ ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄው አርጅቶ አያውቅም።

ወደ ኅሩይ እንመለስ። በ1910ዎቹ አጋማሽ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ፣ ይህን ድብልቅ ዳኝነት የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ በኩል ወንበሩን እንዲይዙ የተመረጡት ኅሩይ ነበሩ።

ለምን እሳቸው? አንደኛ፣ ሕጉን ከመጽሐፉ ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ከተማዋን ያውቋታል፤ ቀደም ብለው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ፈረንጁን በአገሩ አይተውታል።

የኒውዮርኩ በር

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ኅሩይ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት የደስታ መግለጫ ይዘው ከሄዱት ልዑካን ጋር አሜሪካን ረገጡ። መሪያቸው ደጃዝማች ናደው ነበሩ።

አሜሪካ ላይ የገጠማቸው ነገር ለአንድ ወደፊት ዳኛ ለሚሆን ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። መንግሥቱ እንደ እንግዳ ተቀበላቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ግን አንድ ታዋቂ ክለብ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አላስተናግድም ብሎ በሩን ዘጋባቸው። የነፃ አገር መልእክተኞች፣ በመንግሥት የተጋበዙ ሰዎች፣ ምሳ መብያ ተከለከሉ።

ይህ በር ዝም ብሎ የተዘጋ አይደለም። በሕግ ድጋፍ የቆመ ዘመን በር ነበር። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሉዊዚያና የባቡር ጉዳይ ጥቁርና ነጭን ለይቶ ማስቀመጥ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። ሰባት ዳኞች ተስማሙ፣ ጆን ማርሻል ሃርላን የሚባሉ አንድ ዳኛ ብቻ ተቃወሙ። ያ ፍርድ ለትምህርት ቤቶች የተሻረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከ58 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አስቡት እንግዲህ። አውሮፓና አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሚሉት ሕጋችሁ ገና ስላልሠለጠነ ዜጎቻችንን ለእናንተ ዳኛ አንሰጥም ነው። ኅሩይ ደግሞ የሠለጠነ የተባለው ሕግ በገዛ አገሩ ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው አይተው ነው የመጡት። ያ ትዝታ ከቆንስላ ጎን ሲቀመጡ አብሯቸው አልተቀመጠም ብዬ ለማሰብ ይከብደኛል።

በሌላ በኩል አንድ ልዩነት አለ፣ እሱንም ልንገራችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ዳኛ አንዴ ከተሾመ ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ፍርዱን ስላልወደደው አያነሳውም። ሃርላንም ብቻቸውን ሲቃወሙ ወንበራቸውን አላጡም። ኅሩይ እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበራቸውም። በአንድ ጎን ቆንስላው አለ፣ በሌላ ጎን የሾማቸው ቤተ መንግሥት አለ። ወንበሩ ግማሽ ነው ያልኳችሁ በሁለቱም በኩል ነው።

ቀን ዳኛ፣ ማታ ጸሐፊ

በነዚያው ዓመታት ኅሩይ ይጽፉ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንዱ «ወዳጄ ልቤ» ነው። ሁለተኛው «የሕይወት ታሪክ» ሲሆን ያለፉና በጊዜው የነበሩ ሰዎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ የሚተርክ ነው። የሁለተኛው ንዑስ ርእስ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ የሚል ነው። በኋላ የሚነሡት ልጆች እኛ መሆናችን ነው እንግዲህ።

ልቦለዶቻቸውን የዳኛ ዓይን እንዳላቸው አድርጌ ነው የማነባቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው «የልብ ሐሳብ» ያለ ዕድሜ ጋብቻ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የሚባል ወጣት ፈረንሳይ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካር ድግስ፣ በልማድ፣ በጋብቻ ጉዳይ የሚገጥመውን ፈተና ይተርካል። ኅሩይ ወጣቱን አዋቂ፣ ዘመዶቹን ኋላ ቀር ብለው አልዘጉትም። ሁለቱንም ወገን አስቆመው አናገሩ፤ ነገሩም ወደ ማሻሻል እንጂ ወደ ማፍረስ አልሄደም። ዛሬ ፌስቡክ ላይ አንድ ቪዲዮ አይተን የሌላውን ወገን ቃል ሳንሰማ ፍርድ የምንሰጥ ሰዎች ይሄ ትንሽ ሊያስተምረን ይገባል።

ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። ሕግ የሚከበረው ሰው ሲያነበው ነው ለሚል ሰው ማተሚያ ቤት ከችሎት የራቀ ሥራ አይደለም።

ጃፓን ምን አሳየቻቸው?

ራስ ተፈሪ ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲባሉ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1924 ዓ.ም. ልዑካን መርተው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ።

ብዙ ሰው ይህን ጉዞ የሚያስታውሰው በፋብሪካና በሥልጣኔ አድናቆት ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። ጃፓንም እንደኛ በግድ ባስፈረሟት ውሎች የተነሳ የውጭ ዜጎችን የሚዳኙ ቆንስላዎች ነበሩባት። እሷ ግን የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕጎቿን አዘጋጅታ፣ ፍርድ ቤቶቿን አደራጅታ፣ በ1891 ዓ.ም. ያንን የቆንስላ ዳኝነት አስቀረች። በኛ ውል ውስጥ ሕጉ ከአውሮፓ ጋር እስኪስማማ የሚለውን ቃል አስታወሳችሁ? ጃፓን ያንን እስኪ ጨርሳ የወጣች አገር ነበረች።

ኢትዮጵያም መንገዱን ጀምራ ነበር። አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን በሙሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ ቢሆንም ፍርድ ቤት የሚባል ነገር በመንግሥት ሰነድ ላይ ቦታ አገኘ። ጊዜ ቢኖር የት ይደረስ እንደነበር መገመት ይቻላል። ጊዜ ግን አልነበረም።

የዘነበወርቅ ስም እና ጦርነቱ

እዚህ ላይ ሰፈሬን ላስገባት። የታክሲ ረዳቱ ዘነበወርቅ ብሎ ሲጣራ የሰው ስም እየጠራ መሆኑን ስንቶቻችን እናስበዋለን? ልዕልት ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበረች። በ1924 ዓ.ም. ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳረች። ጋብቻው ቤተ መንግሥቱን ከትግራይ መሳፍንት ጋር የሚያስተሳስር፣ በግልጽ የፖለቲካ ጋብቻ ነበር። ልዕልቲቱ ግን ብዙም ሳትቆይ ገና በወጣትነቷ መቀሌ ላይ ሞተች። ከከተማው ዳር የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። ከየአገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች በአካባቢው ሰፈሩ፣ ወለዱ፣ ከበዱ፤ ሆስፒታሉም ዛሬ አለርት የምንለው ሆነ። ሰፈራችን የተወለደችው እንዲህ ነው።

ባሏስ? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ሲገባ በዚያው ወር ከነሠራዊቱ ለጠላት ገባ። በጋብቻ የተሰፋው ፖለቲካ በአንድ ወር ተተረተረ።

ኅሩይ በዚህ ጊዜ ሲያደርጉ የነበረውን ስታዩ ዳኛው ከሚኒስትሩ ውስጥ እንዳልወጣ ይገባችኋል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ግጭት ተነሳ። ወልወል ኦጋዴን ውስጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ ነው። ጣሊያን ካሣ ክፈሉ፣ ይቅርታ ጠይቁ አለች። የኢትዮጵያ መልስ ግን የሙግት መልስ ነበር፤ በ1920 ዓ.ም. በተፈራረምነው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩን ገላጋይ ዳኞች ይዩት። ከዚያም ጉዳዩ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ሄደ።

ማኅበሩን ኢትዮጵያ የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ስትገባ በባርነትና በጦር መሣሪያ ጉዳይ ግዴታ አስገብተዋታል። በገባችበት ሕግ እኩል አባል ነበረች። አባል ደግሞ አባልን ቢወር ሌሎቹ ዝም ሊሉ አይገባም።

ገላጋዮቹ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ። ለወልወሉ ግጭት ሁለቱም መንግሥታት ጥፋተኛ አይደሉም አሉ። በሕግ ቋንቋ ኢትዮጵያ አልተረታችም ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጦርነቱ ተከፈተ። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፣ ማዕቀብም ጣለ። ከማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም። ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ትቶ ሌላውን መከልከል ምን ዓይነት አፈጻጸም እንደሆነ ለናንተ ልተወው። ፍርድ አለ፣ አስፈጻሚ የለም።

ባዝ ላይ የቀረ ሰው

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። መሄዳቸውን የተቃወሙ አርበኞች ነበሩ፤ ዛሬም ድረስ የሚያከራክር ውሳኔ ነው። ኅሩይ ግን አብረው ተሰደዱ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ንግግር አደረጉ። በማግሥቱ ሐምሌ ማዕቀቡ ተነሳ። ጉዳዩ በዚያ ሸንጎ ተዘጋ።

ቀሪው ሕይወት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት አለፈ። ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ገንዘቡም አጭር ነበር። ከዚያ የከፋው መርዶ ከአገር ቤት መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን የተማረ ወጣት እየለቀመ ገደለ። የኅሩይ ልጆች ፈቃደ ሥላሴና ጊዮርጊስ ከተገደሉት መካከል ናቸው። አባት ልጆቹን ያስተማረው አገሪቱ የራሷ ሕግ አዋቂ፣ የራሷ ሐኪም፣ የራሷ መሐንዲስ እንዲኖራት ነበር። በዚያ ሳምንትና በተከታዮቹ ወራት ያለቀው ያ ትውልድ ነው።

ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በስደት ቤታቸው አረፉ። ዕድሜያቸው 60 ነበር። መጀመሪያ የተቀበሩት እዚያው ባዝ ነው፤ ከነፃነት በኋላ ግን አፅማቸው ወደ አገሩ ተመለሰ።

ወንበሩ ሙሉ የሆነው መቼ ነው?

አሁን ጻድቅ አድርጌ ልሰናበታቸው አልፈልግም። ኅሩይ የዙፋኑ ሰው ነበሩ። የልዩ ፍርድ ቤቱ ሙግት የአዲስ አበባ ነጋዴና ባለ ቤት ሙግት ነው። መርሐ ቤቴ ላይ በመልከኛ የተበደለ ገበሬ፣ ወይም ጌታ ያለው ባሪያ፣ ከዚያ ችሎት ያገኘው ነገር አልነበረም። አገር በውጭ ሰው አትዳኝም ብሎ መከራከርና በአገር ውስጥ ያለውን ደካማ ከኃይለኛው እኩል ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ጀመሩ። ሁለተኛውን ለኋለኞቹ ተዉት።

የመጀመሪያውም ቢሆን እሳቸው ሲሞቱ አላለቀም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲታይ እንግሊዛዊ ዳኛ እንዲቀመጥ ተደረገ። ግማሹ ወንበር ሌላ ባንዲራ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ነበር፤ የአሁኑ ዳኛ የአገሩ ቆንስላ ሳይሆን በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት፣ በኢትዮጵያ ሹመት የሚቀመጥ ነው። ከዚያ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጡ። የውጭ አገር ዳኞቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ ድርጅት ኪራይ ቢከለክላችሁ ልደታ ሄዳችሁ መክሰስ ትችላላችሁ፤ ከዳኛው ጎን ቆንስላ አታገኙም። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ፋይሉ ይጠፋል፣ ትማረራላችሁ፤ ያ የራሳችን የቤት ሥራ ነው። ወንበሩ ግን ሙሉ ነው።

ለዚህ ነው ኅሩይን ከደራሲነታቸው አውርጄ ሳይሆን ዳኝነታቸውን ጨምሬ እንድታስታውሷቸው የፈለግሁት። በሕግ የጀመሩትን ሙግት በሕግ ነው የጨረሱት። ልዩ ፍርድ ቤት ላይ ግማሽ ወንበር ነበራቸው፣ ጄኔቭ ላይ ሙሉ ወንበር ያለው አባል ተብለው ፍርዱ አልተፈጸመላቸውም። ያም ሆኖ እኛ ጋ የደረሰው ጥያቄያቸው ነው።

እና አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቀጣዩን አፕ ስታወርዱ እስማማለሁ ከማለታችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ታች ሳቡትና ክርክር ቢነሳ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። የየትኛው አገር ሕግ፣ የየትኛው ከተማ ፍርድ ቤት እንደተጻፈ እዩ። ኅሩይ ስልክ ቢኖራቸው ከሁሉ በፊት የሚያነቡት እሱን ነበር።